ያላየሁትን አልጻፍኩም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ባለፈው ሰሞን በፎገራ ሜዳ በየክረምቱ ስለሚደርሰው ጎርፍ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ጭቃውን ረግጦ የተጎዱትን ሰዎች ቤታቸው ድረስ ሄዶ አነጋግሯል፤ እግዚአብሔር ይስጠው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ። «ወንዙ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሞልቶ አደረ» ትላለች። እኔ ኑሮዬ ባሕር ዳር ሆኖ ላለፉት 14 ዓመታት በጣና ዙሪያ ወንዝና ዝናብ ስለካ የኖርኩ የመስክ ቴክኒሽያን ነኝ። ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል አባይ፣ መገጭ፣ የአራቱንም ጠባይ አውቃለሁ። ወንዙ አስጠንቅቆ ነበር። የሚያነብለት ሰው ነው የጠፋው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሐሙሲትን አልፋችሁ፣ ወረታ ሳትደርሱ የጉማራን ድልድይ ትሻገራላችሁ። መንገደኛው ከመኪናው መስኮት ደፍራሹን ውኃ አይቶ ያልፋል። እንዲህ ባሉ ወንዞች ዳር በሜትርና በሣንቲ ሜትር የተከፋፈለ ጠባብ የብረት ሰሌዳ ቆሟል። እኛ ስታፍ ጌጅ እንለዋለን፣ የአገሩ ሰው «ሜትሩ» ይለዋል። በአቅራቢያው የሚኖር አንድ ሰው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ወርዶ ውኃው የደረሰበትን ቁጥር በደብተር ይጽፋል፤ ማታ 12 ሰዓት ላይም እንደገና ይወርዳል። በዓል የለ፣ ልቅሶ የለ፣ ሕመም የለ። ዝናብ የሚለካው ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያለፈውን አንድ ቀን ዝናብ በመስፈሪያው ቀድቶ ይጽፋል። ስለ ጣና ተፋሰስ በየስብሰባው የሚታየው ባለቀለም ሥዕል ሁሉ የሚጀምረው ከእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

ጉማራም ርብም የሚነሱት ከጉና ተራራ ነው። በክረምት ዝናቡ ከሰዓት በኋላና ወደ ማታ ላይ ይበረታል። ላይ የዘነበው ውኃ ገደሉን ወርዶ ሜዳው ሲደርስ ሰው ተኝቷል። ማታ 12 ሰዓት ላይ 2 ሜትር ያነበበ ሰው ጠዋት ሲመለስ 2 ሜትር ከ30 ሊያነብ ይችላል፤ በመሃል ግን ወንዙ 4 ሜትር ደርሶ ወርዷል። ይህን የሚያውቀው ከቁጥቋጦው ላይ የተንጠለጠለውን ገለባ ሲያይ ነው። ለዚህም ነው ልምድ ያለው ጌጅ አንባቢ በጠዋቱና በማታው ንባብ ብቻ የማይወሰነው። ጉና ሲጠቁር ካየ፣ ወንዙ ድምፁን ሲለውጥ ከሰማ፣ በሌሊት ባትሪውን ይዞ ይነሣል። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዘው የለም፣ የሚከፈለውም ለዚህ አይደለም። ከተነሣ ግን ከታች ላሉት ሰዎች ከብት ለማውጣትና ልጅ ለማሸሽ የሚበቃ ሰዓት ሊተርፍ ይችላል።

በአንደኛው ወንዝ ዳር ያሉትን አንድ ሰው ላንሣ። የወንዙን ስም አልጽፍም፤ እሱን ከጠራሁ እሳቸውን መጥራቴ ነው። እኔ «አያ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። አርሶ አደር ናቸው፤ እኔ ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጀምሮ ሜትሩን ያነባሉ። ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከጣሪያው ማገር ላይ ይሰኩታል። እርሳሱን በሲባጎ አስረውበታል። እስክሪብቶ አይወዱም፣ ዝናብ ሲነካው ይፈስሳል ይላሉ። ከቁጥሩ ጎን፣ ሕዳጉ ላይ፣ ማንም ሳያዛቸው የሚጽፏት ነገር አለች፦ «ውኃው ቀልቷል»፣ «ግንድ አመጣ»፣ «ላዩን ዘንቧል እዚህ የለም»። ቢሮ ሲገባ የሚገለበጠው ቁጥሩ ብቻ ነው። እኔ ግን ደብተሩን ስቀበል መጀመሪያ የማነበው ሕዳጉን ነው። «ላዩን ዘንቧል» ከተባለበት ቀን ማግስት ቁጥሩ ሲዘል ደጋግሜ አይቻለሁ።

አንድ ዓመት ክፍያቸው ከመስከረም እስከ ነሐሴ ሳይደርሳቸው ቀረ። ገንዘቡ ለከተማ ሰው ትንሽ ነው፣ ለእሳቸው ግን የጨውና የዘይት፣ የልጅ ደብተር ነው። ከፋዩ እኔ አይደለሁም፤ ደብተር ልሰበስብ ሄጄ ዓይናቸውን የማየው ግን እኔ ነኝ። «ይመጣል አያ» እላለሁ። በሚያዝያም አልኩ፣ በሰኔም አልኩ። ነሐሴ ላይ ስሄድ ደብተሩን ሰጡኝ። ገለጥኩት፤ አሥራ አንድ ቀን ባዶ ነው። ለካ ቤታቸው እህል አልቆ፣ ራቅ ወዳለ ቀበሌ የሰው ሩዝ ሊያርሙ በቀን ሥራ ሄደው ነበር። ወንዙ የወጣው በእነዚያ ቀናት ውስጥ ነው። ገለባው የተንጠለጠለበትን ለክቼ ውኃው የት እንደደረሰ አወቅሁ። በየትኛው ሌሊት እንደመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየ ግን እስከ ዛሬ የሚነግረኝ የለም። ለምን ባዶ እንደሆነ ስጠይቃቸው አቀርቅረው፣

«ልጄ፣ ያላየሁትን አልጻፍኩም» አሉኝ።

እነዚያን አሥራ አንድ ባዶ መስመሮች አከብራቸዋለሁ። ምክንያቱም ሌላ ዓይነት ደብተርም አይቻለሁ። በሐምሌ ወር፣ ሰማዩ በተቀደደበት ሰሞን፣ አሥራ አምስት ቀን ሙሉ «1.42፣ 1.42፣ 1.42» እያለ የሚወርድ። ቀለሙ አንድ፣ የእጁ ክብደት አንድ፣ ገጹ ንጹሕ፣ አንድ የጭቃ ነጠብጣብ የለበት። በአንድ ማታ ቁጭ ተብሎ የተሞላ ነው። የሐምሌ ወንዝ እንኳን አሥራ አምስት ቀን፣ ጠዋትና ማታም አንድ ቦታ አይቆምም። ያንን የጻፈውን ሰውም ግን ሙሉ በሙሉ መኮነን አልችልም። እሱም ወራት ያልተከፈለው ነው፤ ባዶ ደብተር ካስረከብኩ ያለችውንም ይከለክሉኛል ብሎ ፈርቷል። ሰውን ሳንከፍል አቆይተን ባዶውን ሲያስረክብ ከተቆጣን፣ የሐሰት ቁጥር እንዲጽፍ ያስተማርነው እኛ ነን።

ይህን የምለው ራሴን ነጻ አድርጌ አይደለም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት አንድ አውቶማቲክ የዝናብ መለኪያ በኃላፊነቴ ሥር ነበር። ውስጡ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ትንሽ ባልዲ አለ፤ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ በገባ ቁጥር ይገለበጣል፣ ሎገር የምንለው መዝጋቢ መሣሪያ ይቆጥራል። መኪና ጠፍቶ ወር ያህል ሳልሄድበት ቆየሁ። ወፍ ያመጣችው ጭራሮና የበሰበሰ ቅጠል የማጥለያውን ቀዳዳ ደፍኖት፣ ሎገሩ በሐምሌ ወር ለ23 ቀን ሙሉ ዜሮ መዝግቧል። አጸዳሁትና ፋይሉን እንዳለ ላክሁት፤ ቀዳዳው ተደፍኖ እንደነበር አልጻፍኩም። ወቀሳ ፈርቼ ነው። እነዚያ 23 ዜሮዎች «ዝናብ አልነበረም» ተብለው ገቡ። ዜሮ ማለት ሰው አይቶ ዝናብ አጣ ማለት ነው፣ ባዶ ማለት ያየ የለም ማለት ነው። አርሶ አደሩ የለዩትን ይህን ልዩነት እኔ ዲፕሎማ ይዤ አልለየሁትም። ከዓመት በኋላ ለአለቃዬ ተናግሬ አስተካከልን፤ እስከዚያ ግን ማን ወስዶ ምን እንዳሰላበት አላውቅም።

ቁጥር ምን ያደርጋል ለሚለኝ አንባቢ ቅርብ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የ60 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው 40 ሚሊ ሜትር በዘነበበት ቀን ከጣሪያው 2,400 ሊትር፣ ማለትም አሥራ ሁለት በርሜል ወርዶለታል። አሁን ወደ ጣና ዞር በሉ። ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜትሩ ላይ የምትሳሳቷት አንዲት ሣንቲ ሜትር በሐይቁ ላይ 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ናት። በ1988 ዓ.ም. በሐይቁ መውጫ ላይ በተሠራው የጨራ ጨራ ግድብ በኩል ወደ አባይ የሚለቀቀውም፣ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጣና በለስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተርባይኖች የሚሄደውም ውኃ የሚመዘነው በዚህ ቁጥር ነው። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ወርዶ መርከቦች የተቸገሩበትን፣ በ1998 ክረምት ማብቂያ ደግሞ ፎገራና ደምቢያ በውኃ የተዋጡበትን ጊዜ የሚያስታውስ ሰው ብዙ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጠን ማነጻጸር የቻልነው በየቀኑ የወረደና ያነበበ ሰው ስለነበረ ነው። ንባቡ የተጀመረው በ1950ዎቹ፣ የአባይ ተፋሰስ ከአሜሪካኖች ጋር በተጠናበት ዘመን ነው። ያንን ክር የያዘው ገበሬ ነው፤ የአንዳንዱም ደብተር ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል።

የውኃው ከፍታ ብቻውን ስንት ውኃ እንደሚያልፍ፣ መጠኑን፣ አይነግርም። ለዚህ እኛ ከድልድይ ላይ ሆነን ከረንት ሜትር የሚባል የውኃ ፍጥነት መለኪያ እናወርዳለን። ከታቹ ዓሣ የመሰለ፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ከባድ ክብደት ተንጠልጥሏል፣ ያለዚያ ጎርፉ ይዞት ይሄዳል። ወንዙን ከሃያ በላይ ቦታ ከፋፍለን በየቦታው ጥልቀቱን እንለካለን፣ ፍጥነቱን ለማወቅም መሣሪያው የሚዞረውን ዙር እንቆጥራለን። ከኋላ የጭነት መኪና ሲያልፍ ድልድዩ ይርገፈገፋል፤ አንዱ ጓደኛችን ዓይኑን ከላይኛው ወንዝ አይነቅልም፤ ግንድ ከመጣ ጮሆ ይነግረናል፣ ገመዱን እንሰበስባለን። ከዚያ ከፍታውንና መጠኑን የሚያገናኘውን መስመር እንሠራለን። ይህ መስመር የሚያገለግለው ግን የወንዙ አልጋ እስካልተነካ ድረስ ነው። ከሜትሩ አጠገብ አሸዋ በተጫነ ማግስት አልጋው ይወርዳል፣ ትናንት 2 ሜትር ያለው ውኃ ዛሬ 1.70 ይላል፤ ውኃው ግን አልቀነሰም። አሸዋ የሚያወጡት ወጣቶች እንጀራቸው እንደሆነ አውቃለሁ። አትሥሩ አልልም፤ ከሜትሩ ትንሽ ራቅ በሉ ብዬ ወንዝ ዳር ወርጄ ለምኛቸዋለሁ፣ የሰሙኝም አሉ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የጌጅ አንባቢና የዝናብ መዝጋቢ ክፍያ በየወሩ ይድረስ። በዓመት አንዴ ፊርማ ተሰብስቦ፣ ሰው ከገጠር ሁለት ቀን ተመላልሶ የሚቀበለው አይሁን። ብዙዎቹ ስልክ አላቸው፣ በቴሌብር መላክ ይቻላል። ወንዝ ሲወጣም ደውለው የሚያስታውቁት አንድ ሰው፣ ሌሊትም የሚያነሣ፣ በየወረዳው ይመደብላቸው፤ ለካርድ ከኪሳቸው አያውጡ። ባዶ መስመር ያስረከበ ሰውም «ለምን?» ተብሎ በደህና ይጠየቅ እንጂ አይቀጣ።

ከእናንተ ከጋዜጠኞችም የምሻው አለ። ጎርፍ ስትዘግቡ ወንዙ ስንት ሜትር እንደደረሰና ማን እንዳነበበው ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ፣ መልስ ማጣታችሁን ጻፉት፣ እሱም ዜና ነው። ደግሞ ቡሄ ሲያልፍ ጉዳዩን አትተዉት። «ቡሄ ከዋለ የለም ክረምት» ይባላል፤ ሐይቁ ግን ከፍታው የሚሞላው ወንዞቹ ያመጡትን ተቀብሎ በመስከረም ነው፤ የዳር አገሩ ሰው ያኔም ውኃ ውስጥ ነው።

ይህን የምጽፈው ግንቦት እየተጋመሰ ሳለ ነው። ትናንት ወደ አያ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሜትሩን በጋ ላይ ከብት ተሻሽቶበት አዘንብሎ ስላገኘሁት በውኃ ልክ አቅንተን በሲሚንቶ መለስነው፤ ሲሚንቶውን ከወንዙ ዳር ድረስ የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። ከአምናው ክፍያቸው የሁለት ወሩ ገና አልደረሳቸውም። አዲሱን ደብተር ስሰጣቸው ተቀብለው ገለበጡት፣ ሲባጎውን ከአሮጌው ፈትተው እርሳሱን አዲሱ ላይ አሰሩ።

አክባሪያችሁ፣
የሃይድሮሎጂ መስክ ቴክኒሽያን፣ ከባሕር ዳር