የሆቴሉ ስህተት ይቅር ከተባለ የእንግዳውስ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሆቴሎች ተሳስተው ባወጡት ርካሽ ዋጋ ክፍል ስለሚይዙ መንገደኞች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች ከሌባ ብዙም አልለያቸውም። ሆቴሉ ተሳስቷል፣ ሰውዬው በስህተቱ ሊጠቀም ሞክሯል፣ እንግዲህ ሆቴሉ ቢሰርዝበት እሰየው፣ ነው ነገሩ። ግማሹን እስማማለሁ። ግማሹ ግን አልተዋጠልኝም።

ብዙ ሰው እንግዳ መቀበያ ላይ የተቀመጠች ልጅ ዋጋ አሳስታ የጻፈች ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የዛሬ ሆቴል ዋጋ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ሆቴሉ በራሱ ሲስተም ውስጥ ያስገባዋል፤ ሌላ ሶፍትዌር ከዚያ ተቀብሎ ለብዙ የመያዣ ድረ ገጾች በአንድ ጊዜ ይበትነዋል፤ ዋጋ አወዳዳሪዎቹ ደግሞ ከእነሱ ላይ ይለቅማሉ። መነሻው ላይ አንድ ዜሮ ከጎደለች በደቂቃዎች ውስጥ ዓለም ሁሉ ያያታል። 250 መሆን የነበረበት 25 ይሆናል። የገንዘብ ዓይነት መምታታትም አለ፦ ዋጋ የሚያስገባው ሰው 200 ዶላር አስቦ 200 ብሎ ይጽፋል፣ ሲስተሙ ግን የሚቆጥረው በጃፓን የን ነው፣ ክፍሉም ሁለት ዶላር በማይሞላ ገንዘብ ይወጣል። ለድርጅት ደንበኛ ወይም ለሠራተኛ ብቻ የታሰበ ዋጋ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ለሙከራ የገባ ቁጥር ሳይጠፋ የሚረሳበትም እንዲሁ።

ስለዚህ ስህተቱ እውነት ስህተት ነው፣ በዚህ አልከራከርም። እ.ኤ.አ. በ2009 ጣሊያን ውስጥ፣ ቬኒስ አቅራቢያ ያለ አንድ ባለ አራት ኮከብ ሆቴል ክፍሎቹን በአንድ የዩሮ ሳንቲም አውጥቶ ተገኝቷል። የወትሮው ዋጋ 150 ዩሮ ገደማ ነበር። ሰውም ተሻማበት። ሆቴሉ ግን የተያዘውን ሁሉ አክብሮ እንግዶቹን እቀበላለሁ አለ። በአውሮፕላን በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያ ቀን ካቴይ ፓሲፊክ ከቬትናም ኒውዮርክ ደርሶ መልስ የሚወስድ የቢዝነስ ክላስ ትኬት በ675 ዶላር ገደማ ሸጠ። ትክክለኛው ዋጋ ወደ 16,000 ዶላር የሚጠጋ ነበር። አየር መንገዱ ተሳስቻለሁ ብሎ በግልጽ ተናገረ፣ ተሳፋሪዎቹንም ተቀበለ።

እንዲህ የሚያደርግ ሲገኝ ደስ ይላል። ግን ሁሉም ያድርገው ማለት አይቻልም። ትልቅ የሆቴል ሰንሰለት የአንድ ሌሊት ኪሳራ አይጎዳውም፤ ጥቂት ክፍል ያለው የቤተሰብ ሆቴል ግን አንድ ሙሉ ወር በነፃ አሳድር ቢባል ሊዘጋ ይችላል።

አሁን ወደ መንገደኛው ልምጣ። ሁለት ዓይነት ሰው አለ፣ ጽሑፋችሁ ደግሞ አንድ ላይ ጨፈለቃቸው።

አንደኛው አዳኝ ነው። ስህተት ሲፈልግ ያድራል፣ ሲያገኝ ለጓደኞቹ ይበትናል፣ የማያድርበትን አሥር ክፍል ይይዛል። የአዳኞቹ የመጀመሪያ ሕግ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ሆቴሉ ጋ እንዳትደውሉ» ነው። ለምን? ከደወልክ ይነቃላ! ይህን ሕግ የሚያውቅ ሰው ነገ ሲሰረዝበት «በቅን ልቦና ነው የያዝኩት» ብሎ ሲያለቅስ እኔ አላምነውም። ፍርድ ቤቶችም አላመኑትም። እ.ኤ.አ. በ2003 ሲንጋፖር ውስጥ አንድ የኢንተርኔት ሻጭ 3,854 የሲንጋፖር ዶላር የሚያወጣ የሌዘር ማተሚያ በ66 ዶላር ብሎ አወጣ። ሌሊቱን ሰው ወዳጅ ለወዳጅ እየተጠራራ ማተሚያ ሲያዝዝ አደረ። ኋላ ከሻጩ ጋር የተካሰሱት ስድስት ሰዎች ብቻ 1,606 ማተሚያ አዘው ነበር። ስድስት ሰዎች! በ2004 ተረቱ፣ በ2005 በይግባኝም ተረቱ። ዋጋው ስህተት መሆኑን እያወቃችሁ ነው ያዘዛችሁት ተባሉ። ማተሚያና የሆቴል ክፍል አንድ አይደሉም፣ ነገሩ ግን ያው ነው።

ሁለተኛው ሰው ግን ሌላ ነው። ለጉዞው ቀን ቆጥሮ፣ አቅሙ የሚፈቅደውን ፈልጎ፣ ጥሩ ዋጋ አገኘሁ ብሎ አንድ ክፍል የያዘ ሰው ነው። «ዋጋው ስህተት መሆኑን ማወቅ ነበረበት» ትላላችሁ። እንዴት ብሎ ነው የሚያውቀው? የሆቴል ዋጋ ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። ያው ክፍል በዓል ሲመጣ ሦስት እጥፍ ይሆናል፣ ከሰሞኑ ባዶ ከሆነ ደግሞ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው፦ ይኼው ኢንዱስትሪ ራሱ ነው ማንኛውንም ቅናሽ እንድናምን ያስለመደን። ገጹን ስትከፍቱ የተሰረዘ ትልቅ ዋጋ፣ ከሥሩ በቀይ የተጻፈ ትንሽ ዋጋ፣ «70 በመቶ ቅናሽ»፣ «አንድ ክፍል ብቻ ቀርቷል»፣ «አሁኑኑ ይያዙ»። ቶሎ በል፣ አታስብ፣ ጫን እያለ ሲያዋክበን ከርሞ አንድ ቀን የምር ተሳስቶ ሲያወርደው «እንዴት አላሰብክም?» ይለናል።

እርግጥ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል በአንድ ሳንቲም ሲገኝ ማንም ያውቃል። ከመደበኛው ዋጋ በግማሽ ወይም ከዚያም ትንሽ ዝቅ ብሎ የተገኘው ላይ ግን ለማንም ግልጽ የሆነ ነገር የለም። ጠቡ ደግሞ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ እዚህ መካከል ላይ ነው።

እንግዲህ እኔን የሚቆረቁረኝ መሰረዙ ብቻ አይደለም፣ መቼ ነው የሚሰረዘው የሚለው ነው። ስህተቱን በማግሥቱ አይቶ «ይቅርታ፣ ተሳስተናል፣ ገንዘብህ ይኸው» የሚል ሆቴል ጋ ምንም ጠብ የለኝም። ሌላው ግን ማረጋገጫ ኢሜይል ይልካል፣ ከካርድ ገንዘብ ይቆርጣል፣ ሁለት ወር ዝም ይላል፣ ጉዞው ሳምንት ሲቀረው «በቴክኒክ ችግር ምክንያት» የምትል አጭር መልእክት ይልካል። ያኔ ሰውዬው የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት ገዝቷል፣ ፈቃድ ወስዷል፣ ከተማው ውስጥ የቀሩት ክፍሎች ደግሞ ዋጋቸው ጣራ ነክቷል። ሰው ሻንጣውን ይዞ እንግዳ መቀበያው ጋ ከደረሰ በኋላ የሚነገረውም አለ።

በዚህ ላይ የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደስ ይለኛል። አንቀጽ 119 የተሳሳተ ሰው ከውሉ እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት 2,650 ዩሮ የሚያወጣ ላፕቶፕ በሶፍትዌር ብልሽት በ245 ዩሮ ለሸጠ ነጋዴ በዚሁ መሠረት ፈርዶለታል። ግን ሕጉ እዚያ ላይ አያቆምም። አንቀጽ 121 ስህተትህን እንዳወቅህ ሳትዘገይ ተናገር ይላል። አንቀጽ 122 ደግሞ ቃልህን አምኖ የከሰረውን ሰው ካስ ይላል፤ ካሣው የሚቀረው ሰውዬው ስህተቱን ካወቀ ወይም ማወቅ ከነበረበት ብቻ ነው። አዳኙ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ቅኑ ሰው ወጪው ይተካለታል። የአሜሪካ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ለአውሮፕላን ትኬት ወደዚህ የሚጠጋ መንገድ ያዘ። አየር መንገዱ ዋጋው ስህተት መሆኑን ካስረዳና መንገደኛው ትኬቱን ተማምኖ ያወጣውን ወጪ ከተካ ቢሰርዝ አልጠይቀውም አለ። ለሆቴልም እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ ጸሐፊያችሁ ጨርሶ ያልነካው ነገር። መንገደኛው ሲሳሳትስ? ሐምሌን እይዛለሁ ብሎ ሰኔን የጫነ፣ አንድ ክፍል ብሎ ሁለት የያዘ፣ በስም ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ከተማ የመረጠ ሰው ስንት ነው? አንድ ወዳጄ ቀኑን አሳስታ ያዘች። ክፍያው የማይመለስ የሚባለው ዓይነት ነበር። ያወቀችው ወዲያው ነው፣ ማረጋገጫው ኢሜይል ሲደርሳት። ደወለች፣ ጻፈች፣ ለመነች። «እናዝናለን፣ የሆቴሉ ፖሊሲ ነው» ተባለች፣ ገንዘቧም ቀረ። ቀኑ ገና ሩቅ ነበር፣ ክፍሉን ለሌላ ሰው ሊሸጡት ይችሉ ነበር፣ ምናልባትም ሸጠውታል። እና ያው ሆቴል ነገ ዜሮ ጎደለብኝ ብሎ ሲሰርዝ «ስህተት የሰው ነው» ሊለን ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ማለት ይኼ ነው። ዜሮ የጎደለበት ሆቴል ይቅር ከተባለ፣ ወር የተምታታበት እንግዳም በ24 ሰዓት ውስጥ ከተናገረ ይቅር ይባል። ካልሆነ ሁለቱም በፊርማቸው ይታሰሩ። አንዱን ብቻ ማሰር ግን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ደላላውን ልርሳው እንዴ? የመያዣ ድረ ገጾቹን ማለቴ ነው። ደንቦቻቸው ውስጥ ግልጽ የሆነ የዋጋ ስህተት አያስገድደንም የምትል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አትጠፋም፣ ማንም የማያነባት ቦታ ተቀምጣ። ችግር ሲመጣ ሆቴሉ «ድረ ገጹን ጠይቅ» ይላል፣ ድረ ገጹ «ሆቴሉን ጠይቅ» ይላል። መንገደኛው በሁለቱ መሃል እንደ ኳስ ይንከባለላል። ኮሚሽን ሲቆረጥ ግን ማን እንደሚቆርጥ ጠፍቷቸው አያውቅም።

ለመንገደኛ አንባቢዎቻችሁ እግረ መንገዴን አንድ ሁለት ነገር ልበል። በጣም ርካሽ ነገር ስታገኙ ዋጋው፣ ቀኑና የገንዘቡ ዓይነት በግልጽ የሚታይበት ስክሪንሾት አንሱ። ሳይከፈልበት መሰረዝ የሚቻለውን አማራጭ ያዙ። የማይመለስ የአውሮፕላን ትኬት አትቸኩሉበት፣ ጥቂት ቀን ጠብቁ። ካርዳችሁ ላይ ገንዘቡ መቆረጡን እዩ፤ ተቆርጦ ዝም ካሉ በኋላ መሰረዝ ለእነሱም ይከብዳል። ከምታድሩበት በላይ ክፍል አትያዙ፣ ያኔ ማንም ሊከላከልላችሁ አይችልም። ከተሰረዘባችሁ ደግሞ ከመሳደባችሁ በፊት ከትክክለኛው ዋጋ ላይ ቅናሽ ጠይቁ። ያፈረ ሆቴል ብዙ ጊዜ ይሰጣል። ስድብ የሰማ ግን ፖሊሲውን ያወጣባችኋል፣ ልክም ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ሌላ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ስትጽፉ ስንት ሰው በርካሽ ያዘ ብቻ ሳይሆን ሆቴሉ ስህተቱን መቼ አወቀ፣ መቼስ ተናገረ፣ ማረጋገጫ ልኮ ገንዘብ ተቀብሎ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁልን። ባለሆቴሎችም መልስ ካላቸው እዚሁ አምድ ላይ ይጻፉ፣ በተለይ የማይመለስ ክፍያ የሚሉት ነገር ለእነሱ ለምን እንደማይሠራ ቢያስረዱን አነብላቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ መንገደኛ አንባቢያችሁ