ለደብረ ማርቆስ አድማጮቼ፤ እግዜር ይስጥልኝ

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ በተዘጋጀው የሥነ ጽሑፍ ምሽት አጭር ልብ ወለዴን አንብቤ በሰላም ከመድረክ ወርጃለሁ። ለመጣችሁ ሁሉ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

መጀመሪያ አዘጋጆቹን። ስሙ ላልተሰማ ጸሐፊ መድረክ ሰጥታችሁኛል፤ ያውም በክረምት! ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማይኩም አላዳነኝም። ትንሽ ቆይቶ መብራቱ ሄደ። በቃ፣ ሰዉ ሊበተን ነው አልኩ። እናንተ ግን ወንበር እየጎተታችሁ ወደ ፊት መጣችሁ። የስልካችሁን ባትሪ አብርታችሁ ወረቀቴ ላይ የያዛችሁልኝ ልጆች፣ እጃችሁ ሲዝል አይቻለሁ። ተባረኩ። ጋቢዎን ያለበሱኝ እናቴ፣ ጋቢው አዘጋጆቹ ጋ ተቀምጦልዎታል።

ታሪኩ የአንድ ቆሎ ተማሪ ነው። አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየፈራ፣ ከደጅ ደጅ ይለምናል። ይህን ጎጃም ላይ ማንበብ ድፍረት ይጠይቃል። የስመ ጥሮቹ ቅኔ ቤቶች የዋሸራና የዲማ አገር ነው፤ ደበሎ ለብሶ ቅኔ የቆጠረ ሰው ከአዳራሹ አይጠፋም። አልጠፋምም። «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ጋ ስደርስ ከኋላ አንዱ «እግዜር ይስጥህ፣ እለፍ!» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው። ወንድሜ፣ በጨለማው ፊትህን አላየሁትም። ድምፄ የተፈታው ግን ከዚያ ወዲህ ነው።

የኔታ፣ እርስዎንማ በምን ቃል ላመስግንዎ? ሌላው ሲያጨበጭብ እርስዎ «ይበል!» አሉኝ። ቅኔ ቤት ደጅ ላልረገጠ ሰው ይህ ከሽልማት በላይ ነው። ቡና ላይ ደግሞ «ይኸን ሁሉ ገጽ በ2 ቤት ጉባኤ ቃና እጨርሰው ነበር» ብለው ቀለዱብኝ፤ በ2 ስንኝ ቅኔ ማለታቸው ነው። ያደርጉታል፣ አውቃለሁ። እባክዎ አያድርጉት፣ እንጀራዬ ነው።

ታሪኩ ልጁ በር ላይ እንደቆመ ስለሚያልቅ «ከዚያስ?» ብላችሁ የያዛችሁኝ ተማሪዎችም አላችሁ። ክርክሩ ከንባቡ ረዘመ። አንዷ «ሴትዮዋ ከፍታ አብልታዋለች» አለች። ሌላው «ኧረ ቤቱ ሰው የለውም!» አለ። ባዶ ቤት መሆኑ ለእኔ ለጻፍኩት እንኳ ታይቶኝ አያውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ጽሑፉን ለጠየቃችሁኝ ኮፒ አስደርጌ ለአዘጋጆቹ ሰጥቻለሁ፤ ሄዳችሁ ውሰዱ። መጨረሻው እንዳለ ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም።