ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የመኪናውን ማሳ እዩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ከረማችሁ። ስለ መኪና መለዋወጫ ዋጋ መወደድ ያወጣችሁትን አንብቤ ነው የምጽፈው። እውነት ነው ዋጋው አይቀመስም፣ ግን እኔ በአውቶ ኤሌክትሪክ ስራዬ ላይ ሁሌ የማየው ነገር አለ፣ ስንቱ ዕቃ ነው ሳይበላሽ የሚቀየረው!

አሮጌ አይሱዙ ኤንፒአር የጭነት መኪና ያለው ሰው ጠዋት ቁልፍ አዙሮ መኪናው እምቢ ካለው ወይ ባትሪ ይገዛል ወይ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ያስፈታል። ቆም ብሎ ድምፁን የሚሰማ የለም። ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ቶሎ ቶሎ የሚደጋግም ከሆነ ኃይል አንሶታል፣ ባትሪው ደክሟል ወይ የባትሪው ማሰሪያ ላልቷል ወይ ዝጓል። አንዴ ቷ ብሎ ዝም ካለና መብራቱ ካልደበዘዘ ሞተሪኖው ጋ ሂዱ፣ ውስጡ ኃይል የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቆ ይሆናል። ጭራሽ ጭጭ ካለ ደግሞ ፊውዙን፣ ሪሌውን (በትንሽ ኃይል ትልቁን የሚያገናኘውን ማብሪያ)፣ ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖ የምትሄደዋን ቀጭን ሽቦ ማየት ነው። ይሄን ለማወቅ አምስት ሳንቲም አይወጣም።

ሁሉም የሚረሳው ግን ማሳውን ነው፣ ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት አድርጎ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን ማለቴ ነው። አሮጌ መኪና ሞተሩ ወርዶ ሲታደስ ከሞተር ወደ ሻንሲ (የመኪናው ዋና ብረት) የሚሄደው ወፍራም የማሳ ኬብል ሳይታሰር ይቀራል፣ ወይ ሻንሲው ቀለም ይቀባና ኬብሉ እዛው ቀለሙ ላይ ይታሰራል፣ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በቅርቡ አንድ ባለ መኪና ጋራዥ ሁለት አዲስ ባትሪ አስገዝተውት ሞተሪኖውንም አሰርቶ አልነሳ ብሎት መጣ፣ ረዳቱ ቁልፍ ሲያዞር በእግር የሚረገጠው የነዳጅ መስጫ የብረት ሽቦ ይጨሳል! ማሳው ስለሌለ ያ ሁሉ ኃይል በዛች ቀጭን ሽቦ ነበር የሚመለሰው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ አስነሳው ስለው ከ4 ቮልት በላይ አሳየኝ፣ ከግማሽ ቮልት ባያልፍ ነው ደህናው። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፍቀን ኬብሉን ጥርቅም አድርገን አሰርነው፣ ባንዴ ተነሳ። ሰውዬው "የባትሪዬን ብር ማን ይመልስልኛል" ይለኛል፣ እኔ ምን ልበለው።

ሌላው ሬዲዮ ነው። እነዚህ መኪናዎች ባለ 24 ቮልት ናቸው፣ ሁለት ባለ 12 ባትሪ ተቀጣጥሎ ነው የሚሰሩት፣ ልጆቹ ግን ለቴፕና ለስልክ ቻርጀር ብለው ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሽቦ ይጎትታሉ። ያ ባትሪ ሁሌ እየጎደለ ይሄዳል፣ ጓደኛው ደግሞ ከልክ በላይ ቻርጅ እየሆነ ውሃውን ይጨርሳል፣ ከዛ "ባትሪው ፎርጅድ ነው" ተብሎ ነጋዴው ይሰደባል (አንዳንዴ ፎርጅድም አይጠፋም፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር አስገቡ። ሁለቱን ባትሪ ለየብቻ ለኩ፣ አድሮ ጠዋት እያንዳንዱ ወደ 12.6 ካላሳየ ወይ አንዱ ከሌላው በጣም ካነሰ ችግሩ እዛ ነው፣ ስትቀይሩም ሁለቱንም ባንዴ፣ አንድ ዓይነት። ሞተሩ ተነስቶ ደግሞ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 28 ቮልት ካላሳዩ ዲናሞው እየሞላ አይደለም፣ አዲስ ባትሪ ብትገዙም ያው ነው።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር፣ ረዳት ሻንሲ ስር ገብቶ ሞተሪኖውን በካቻቢቴ እያገናኘ ሲያስነሳ። ማርሽ ውስጥ ከሆነ መኪናው ተነስቶ ላዩ ላይ ይሄድበታል። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑ ሳይታይ፣ የእጅ ፍሬን ሳይያዝ፣ ጎማው ስር ድንጋይ ሳይደረግ ማንም እንዳይገባ በሉልኝ። ማታ ማታ የባትሪ ውሃ ለማየት ክብሪት የሚጭሩም አሉ፣ ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ ይፈነዳል እኮ፣ የስልክ መብራት አለ አይደል?

ይሄን ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ባለ መኪናዎችም "ባትሪ ቀይር" ሲባሉ "ለካኸው? ስንት አሳየ?" ብለው ይጠይቁ፣ ቁጥር ካልነገራቸው ኪሳቸው አይግቡ።

አንድ የአውቶ ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ከአዳማ