ከኒው ሄቨን ለአባባ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እማዬስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው «ፈረንጆቹም ያለ መሣሪያ ያዜማሉ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ስልኩ ተቋረጠ። አዎ አባባ፣ ያዜማሉ። እዚህ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዊፈንፑፍስ የሚባል ቡድን አላቸው። የተመሠረተው እንደ ፈረንጆቹ በ1909 ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ካሉት የዚህ ዓይነት ቡድኖች ሁሉ ቀዳሚው ነው ይባላል። ጥቂት ጓደኛሞች ሞሪስ በሚባል መጠጥ ቤት በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ሲያንጎራጉሩ ነው የተጀመረው።

አንድ ግብዣ ላይ ሳስተናግድ በቅርብ አየኋቸው። 14 ናቸው። ጥቁር ባለጭራ ኮት፣ ነጭ ጓንት። ግማሽ ክብ ሠርተው ቆሙ። አንዱ ከኪሱ ትንሽ ክብ ፊሽካ የመሰለች ነገር አውጥቶ በስሱ ነፋ። ድምፅ መያዣቸው እሷ ናት። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ገቡ። ትሪዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። እርስዎ በዐቢይ ጾም፣ ከበሮና ጸናጽሉ ተቀምጦ ጾመ ድጓውን ሲሉ ፊቴ ድቅን አለብኝ። በእርግጥ የነሱ ዘፈን ነው። ደግሞ እንደኛ ሊቃውንት አንድ ዜማ አብረው አይሉም። ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ የየራሱን መንገድ ይዞ ይሄድና አንድ ላይ ይገጥማል። እንዴት እንደማይጠፋባቸው!

እዚያ ቡድን ውስጥ የሚቆዩት አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ለሌሎች 14 ያስረክባሉ። በኋላ ስመ ጥር የዘፈን ደራሲ የሆነው ኮል ፖርተር እንኳ በ1913 ዘፍኖ በተራው ለቋል። ማሳረጊያቸው ሁልጊዜ ከ1909 ጀምሮ የመጣችው የራሳቸው ዘፈን ናት። እሷ ስትጀመር አንድ ሽማግሌ ናፕኪናቸውን ጠረጴዛ ላይ ጥለው ተነሡና ከልጆቹ ጎን ቆመው አብረው ዘፈኑ። የድሮ አባል ኖረዋል። ግጥሙ አንድም አልጠፋባቸው።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። ዬል ለመጀመሪያ ዲግሪ ሴቶችን በ1969 ተቀብሎ፣ ይህ ቡድን የመጀመሪያዋን ሴት ያስገባው በ2018 ነው። በጣም ዘግይቷል። ለእህቴ ይንገሩልኝ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን መዝሙር እንዳትተው።

ደግሞ እባክዎ ጾመ ድጓውን ሲሉ በስልኳ ትቅዳና በቴሌግራም ትላክልኝ። አብሮኝ የሚሠራ የዬል ተማሪ የእርስዎን ድምፅ ካላሰማኸኝ ብሎ ይዞኛል።

ልጅዎ