ማጭዱ አለፈ፣ ጎፈሬው ተያዘ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው፤ በር ላይ ስለሚፈትሹን ሰዎች።

ባለፈው ሳምንት ገበያ ወርጄ አዲስ ማጭድ ገዛሁና በጋዜጣ (በእናንተው ጋዜጣ፣ ይቅርታ) ጠቅልዬ ጋቢዬ ሥር ሸጎጥኩት። በዚያው ከወንድሜ ልጅ ጋር ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ አልን። ጥበቃው ሽበቴን አየና «አባባ፣ ይለፉ» አለኝ። እጁን ወደ ጋቢዬ እንኳ አልሰደደም። ልጁን ግን ያዘው። ኪሱን አስገለበጠው፣ ቀበቶውን አስፈታው፣ ስልኩን አስከፍቶ ፎቶዎቹን አየ፣ በመጨረሻ ጎፈሬውን በጣቱ ገለጥ ገለጥ እያደረገ ፈተሸው። እኔ ማጭዴን ታቅፌ ውስጥ ቆሜ እጠብቃለሁ።

«ምን ልትሆን ነው የምታሳድገው?» አለው።

«ደስ ስለሚለኝ።»

ሌላ ምን ይበል? ለነገሩ በዚህ አገር ጎፈሬ እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ በጣሊያን ጊዜ ከራስ አበበ አረጋይ ጋር በሸዋ ጋራና ሸንተረር የተዋጉት አርበኞች ጠጉራቸውን አሳድገው እንደነበር አያቶቻችን ሲያወሩ ነው ያደግነው።

የባሰው ከኋላችን ነበር። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ አንድ ወጣት አማርኛው ትንሽ የኦሮምኛ ለዛ አለው። አፉን ከመክፈቱ «መታወቂያ! ከየት ነህ? ትውልድህስ?» ተባለ። ወንበር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ እንዳጫወተኝ፣ እዚያ አማራ ነህ ተብሎ ነው ቤቱን ጥሎ የወጣው፣ እዚህ ደግሞ በአነጋገሩ ተጠረጠረ። አንጀቴን በላኝ። በኋላ ግን ራሴን ታዘብኩት፤ ኦሮሞ ሆኖ ለጉዳዩ የመጣ ቢሆን ኖሮ ያ ጥያቄ ተገቢ ሊሆን ነበር እንዴ?

ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። በዚያ መንገድ ኬላ ላይ መታወቂያችን እየታየ ከአውቶቡስ ስንወርድና ስንመለስ ስንት ጮኸናል። ታዲያ ሰው ላይ ሲደረግ ያስለቀሰን ነገር በራሳችን በር ላይ ሲሆን ጥንቃቄ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

አካባቢያችን ብዙ ደም አይቷል፤ አጣዬና ሸዋ ሮቢት የሆነውን የማያውቅ የለም። ጥበቃውም በትንሽ ደመወዝ ብርድ ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነው፣ አንድ ነገር ቢፈጠር መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። አይፈተሽ አላልኩም። ግን ሁሉም ይፈተሽ፣ እኔም ጭምር። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰው በዘሩም በቋንቋውም ልዩነት አይደረግበት ይላል። አንቀጽ 26 ደግሞ ሰውነትና ንብረት በዘፈቀደ እንዳይፈተሽ ይከለክላል። የልጅ ስልክ ውስጥ ገብቶ ፎቶ ማየት ከየትኛው መመሪያ መጣ? መሥሪያ ቤቶች ለጥበቃዎቻቸው ምን መፈተሽ እንዳለባቸው ጽፈው በር ላይ ይለጥፉልን፤ እኛም እናንብበው። ትውልድ መጠየቁም ይቅር፤ ፋይዳ በሚባለው ብሔራዊ መታወቂያ ላይ እንኳ ብሔር የሚል ቦታ የለም።

ስወጣ አላስችል ቢለኝ ጋቢዬን ገልጬ ማጭዱን ለጥበቃው አሳየሁት።

«ውይ አባባ፣ አጨዳ ጀመራችሁ እንዴ?» አለኝ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ብርሃን