በአካል ወይስ በቪዲዮ? አስቀድሞ በሩ ይዘጋ እንደሆነ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ የወጣው ጽሑፍ «የሥነ ልቦና ሕክምና በአካል ካልሆነ አይረባም» ብሎ መደምደሙ አሳስቦኛል። ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። ሆኖም ይህን ያነበበ ሰው «በአካል እስኪመቸኝ ልጠብቅ» እያለ ድባቴውን ታቅፎ ወራት ይገፋል።

በርቀት ማከም የትናንት ነገር አይደለም። በአሜሪካ የነብራስካ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ዓ.ም. በሁለት አቅጣጫ በሚሠራ የቴሌቪዥን መስመር ታካሚዎችን ያነጋግሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ሲቢቲ የሚባለው በአስተሳሰብና በባህርይ ላይ የሚሠራው ሕክምና ለድባቴም ሆነ ለጭንቀት በቪዲዮ ሲሰጥ በአካል ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት አለው። ስለዚህ «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ መከራከሩ ብዙ አያራምድም። መጠየቅ ያለባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ታካሚው ያለበት ክፍል በሩ ይዘጋል ወይ? ባለሙያው ማየት ያለበት ነገርስ በካሜራው ውስጥ ይገባል ወይ?

ከበሩ ልጀምር። ታካሚው ወደ ክሊኒክ ሲሄድ ምስጢር የመጠበቁ ሸክም የባለሙያው ነው። በቪዲዮ ሲሆን ግን ግማሹ ሸክም ወደ ታካሚው ይዞራል። ከበሩ ኋላ የእግር ኮቴ የሚሰማ ሰው 50 ደቂቃ ሙሉ ስለ ሥራው ሲያወራ ይቆይና ሆዱ ውስጥ ያለውን ሳይነካ ይሰናበታል። ከአራት ከአምስት ቀጠሮ በኋላ «ሕክምናው አልሠራልኝም» ይላል፤ የጎደለው ግን የሚዘጋ በር ነበር። የጆሮ ማዳመጫ ማድረግ የባለሙያውን ድምፅ ይሸሽጋል እንጂ የታካሚውን አይሸሽግም። ለዚያኛው ከበሩ ውጭ ሬዲዮ ወይም ማራገቢያ መክፈት ይረዳል፤ በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥም ይቻላል፣ እየነዱ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ማንሾካሾክ መፍትሔ አይደለም፤ በሹክሹክታ የሚያለቅስ ሰው እንባውን ይውጣል። ስልኩን ሌላ ሰው የሚከፍተው ከሆነ የጥሪ ዝርዝሩና የቀጠሮ ማስታወሻው ሳይቀር ምስጢር ያወጣሉ። የሚደበድባት ሰው አብሯት የሚኖር ሴት ከቤቷ ሆና በቪዲዮ ልትታከም አይገባም። ጥሪውን ለመቁረጥ የሚስማሙበት የምልክት ቃል ቢረዳም፣ የተለየ ቦታን አይተካም።

ሁለተኛው የካሜራው ጉዳይ ነው። ካሜራ ፊትና ደረት ያሳያል። የሚንቀጠቀጥ እጅን፣ የማያርፍ እግርን፣ የአልኮል ሽታን፣ በሰፊ ልብስ የተሸፈነ ክሳትን አያሳይም። ክብደቱ እየተለካ መታከም ያለበት የአመጋገብ ሕመምተኛ፣ ከባድ የአልኮል ጥገኝነት ያለበት ሰው፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማውና በሰው ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ያደረበት ሰው በአካል ቢታዩ ይሻላል። ራሱን ለማጥፋት ያቀደ ሰውም እንዲሁ፤ በስልክ ማነጋገር ስለማይቻል ሳይሆን፣ ከስክሪን ወዲያ ሆኖ ፈጥኖ መድረስ ስለማይቻል ነው። ስሜታቸውን በቃል ሳይሆን በጨዋታ የሚናገሩ ትንንሽ ልጆችም ስክሪን ፊት ብዙ አይቆዩም። እየተጯጯሁ የሚመጡ ጥንዶችን በአንድ ማይክራፎን ማስታረቅ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል፤ ሁለት ድምፅ ሲደራረብ ባለሙያው አንዱንም አይሰማም።

በተቃራኒው ቤት ከክሊኒክ የሚበልጥበት ጊዜም አለ። ኦሲዲ የሚባለው፣ በማይለቅ ሐሳብ እየተገፉ አንድን ድርጊት የሚደጋግሙበት ሕመም ይዞት እጁን ደጋግሞ የሚታጠብ፣ ምድጃው መጥፋቱን አሥር ጊዜ የሚያረጋግጥ ሰው ቧንቧውም ምድጃውም ያሉት ቤቱ ነው፤ ባለሙያው በስልኩ እያየ፣ ሳይደጋግሙ የመቆየቱን ልምምድ እዚያው ያሠራዋል። ከቤት መውጣት የሚያስፈራውም ሰው በቪዲዮ ቢጀምር መልካም ነው። ግን ጥቂት ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ባለሙያውን በጆሮው ይዞ ደጅ መውጣት አለበት። ሶፋው ላይ ከቀረ ሕክምናው ራሱ ለሕመሙ መሸሸጊያ ይሆናል። ሰው የሚያስፈራው ታካሚ ካሜራውን አጥፍቶ ልታከም ሲልም ያው ነው።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ስልኩ በእጅ አይያዝ፤ በዓይን ትክክል፣ ከፊት አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይቁም። ብርሃኑ ከፊት ይምጣ፤ ከኋላ ከመጣ ፊት ይጠቁራል። የባለሙያውን ምስል ከካሜራው ሥር ማስጠጋትና የራስን ምስል መደበቅ ይጠቅማል፤ አለዚያ ሰው እያለቀሰ የራሱን ፊት ይከታተላል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ከግማሽ ጊጋባይት እስከ 1 ጊጋባይት እና ከዚያ በላይ ይወስዳል። መስመሩ ከተዳከመ ምስሉን አጥፍቶ ድምፁን ማትረፍ ይሻላል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ወደ አንድ አቅጣጫ ለመድረስ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከዚያ ሲዘገይ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ጊዜ መናገር፣ በአንድ ጊዜ ዝም ማለት ይጀምራሉ። ዝምታ በሕክምናችን ትርጉም አለው። መስመር ያዘገየውን ዝምታ ግን ታካሚው «አልገባውም» ወይም «ታዘበኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ይህን ጥርጣሬ ባለሙያው ራሱ አንስቶ ካልተነጋገሩበት ውስጥ ለውስጥ ይሠራል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ብዙ ይናገራል። ደኅና ባለሙያ «አሁን የት ነህ?» ብሎ አድራሻ ይጠይቃል፤ በየቀጠሮውም ይደግመዋል። በችግር ጊዜ የሚደወልለትን የቅርብ ሰው ይመዘግባል። መስመር ቢቋረጥ ማን፣ በስንት ደቂቃ፣ በየትኛው ቁጥር እንደሚደውል ያስማማል። ውይይቱ እንደማይቀዳም ይነጋገራሉ። በብዙ አገር የሙያ ፈቃድ የሚታየው ታካሚው በተቀመጠበት ቦታ ስለሆነ፣ ድንበር ተሻግሮ የሚታከም ሰው ይህንንም ይጠይቅ። አድራሻ ሳይጠይቅ ሕክምና የጀመረ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሕመም ከማከም ይልቅ ሰው በሥራውና በኑሮው ያሰበው ግብ ላይ እንዲደርስ የሚያግዘው ምክክር፣ ኮቺንግ፣ በርቀት ሲሰጥ ብዙ አይጎድልበትም፤ በስልክ ሲሠራበት ቆይቷል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በብዙ አገር «ኮች» የሚለውን ስም ማንም ሊይዘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን እንኳ ለመጀመሪያው ደረጃ የሚጠይቀው የ60 ሰዓት ሥልጠናና የ100 ሰዓት ልምድ ነው፤ ቴራፒስት፣ ማለትም የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ፣ ግን ዓመታት ይማራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ የሚወደው ነገር ሁሉ ያስጠላው ሰው ወደ ቴራፒስት ወይም ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ኮች አይሂድ።

ምርጫው ደግሞ አንዴ ተደርጎ የሚዘጋ አይደለም። ሁለቱን የመጀመሪያ ቀጠሮዎች በአካል አድርጎ የቀረውን በቪዲዮ መቀጠል ይቻላል። መሥራቱን ለማወቅ ፒኤችኪው-9 የተባለውን የዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መለኪያ ሲጀምሩ፣ ከዚያም በየሁለት ሳምንቱ መሙላት ነው። ነጥቡ ከ0 እስከ 27 ሲሆን የ5 ነጥብ ቅናሽ እውነተኛ ለውጥ ተደርጎ ይወሰዳል። በስድስተኛው ቀጠሮ ምንም ካልተነቃነቀ ከባለሙያው ጋር በግልጽ ተነጋገሩና ስለ በሩ ደግማችሁ ጠይቁ፤ ክፍሉ ምቹ ሆኖም ካልተለወጠ በአካል ሞክሩ፤ ያም ካልረዳ የሕክምናው ዓይነት ይታይ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ባለሙያ