ሳንቃ ከመምረጣችሁ በፊት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ከብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ እየደረሰን ነው። «ሳንቃው ተሰንጥቆ፣ ተደርድሮ እያየነው ለምን አሁኑኑ አትሸጡልንም?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በስልክ ተወርቶ የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ረጋ ብለን ልንጽፍላችሁ ወሰንን። ከእኛም ግዙ ከሌላ፣ ወይም የወደቀ ዛፍ አግኝታችሁ ራሳችሁ አሰንጥቁ፣ የምንላችሁ ነገር ይጠቅማችኋል ብለን እናምናለን።

የምናወራው ላይቭ ኤጅ ስለሚባለው ሳንቃ ነው። ጎኑ በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ አይቆረጥም። የዛፉን ጎባጣና ወጣ ገባ ጠርዝ እንደያዘ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ጠረጴዛ፣ አግዳሚ ወንበር፣ መደርደሪያ፣ የአልጋ ራስጌ ይወጣዋል። በቤቱ ለሚሠራ ሰው ደስ የሚል እንጨት ነው፤ ግማሹን ሥራ ዛፉ ራሱ ጨርሶታል።

ያቆየነው በእርጥበቱ ምክንያት ነው። አሁን የተቆረጠ ዛፍ በውሃ የተሞላ ነው። በአንዳንድ ዝርያዎች ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቁ እንጨት ክብደት ይበልጣል። መጀመሪያ የሚወጣው በእንጨቱ ጥቃቅን ክፍተቶች ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ያኔ ሳንቃው ይቀላል እንጂ መጠኑ አይለወጥም። እርጥበቱ ከደረቁ እንጨት ክብደት ወደ 30 በመቶ አካባቢ ሲወርድ ግን የእነዚያ ክፍተቶች ግድግዳ ራሱ መድረቅ ይጀምራል። መኮማተር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንጨት ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው፣ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። በርዝመቱ ግን ከቁጥር የሚገባ ለውጥ የለም። ሳንቃን የሚያጣምመውና የሚተረትረው ይህ ልዩነት ነው።

የሙያው ሰዎች የሚጠቀሙበት የቆየ ስሌት አለ። በአየር ለሚደርቅ እንጨት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ይታሰባል። በዚህ ስሌት 5 ሴንቲ ሜትር ሳንቃ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ስሌቱ ግምት ነው፤ እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ይፈጥናል ወይም ይዘገያል። ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላም ውጭ የደረቀ እንጨት የአካባቢው አየር ከሚፈቅደው በታች አይወርድም። ብዙ ቦታ ከ12 እስከ 18 በመቶ ላይ ይቆማል። ማሞቂያ ወይም ኤሲ ያለበት ቤት ውስጥ የሚገባ ዕቃ ግን ከ6 እስከ 8 በመቶ መድረስ አለበት። የቀረውን በማድረቂያ ክፍል፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን እየተቆጣጠርን እናወጣለን። እዚህም ችኮላ አይሠራም። ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከቀረ ሳንቃው ውጥረት ይዞ ይቀመጣል። መጋዝ ሲነካው ያን ጊዜ ይጣመማል።

ስለዚህ ያቆየነው ሳንቃ ስላልደረሰ ነው። ውስጡ የታሰበው ደረጃ ላይ ሳይደርስ «ደርቋል» ብለን አንሸጥላችሁም። እርጥቡን ሳንቃ ገዝታችሁ ራሳችሁ ለማድረቅ ከፈለጋችሁ ግን በደስታ እንሸጥላችኋለን። እርጥብ መሆኑን በግልጽ ጽፈን ነው የምንሰጣችሁ።

በዚህ መንገድ ለምትሄዱ ዋና ዋናውን እንንገራችሁ። ሳንቃው እንደተሰነጠቀ ወዲያው ሁለቱን ጫፎች በሰም ወይም በወፍራም ቀለም ድፈኑ። ውሃ በጫፉ በኩል ከሌላው ገጽ እጅግ ፈጥኖ ይወጣል፤ ካልተደፈነ መተርተሩ ከዚያ ይጀምራል። ከዚያ ሳንቃዎቹን ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኙበት ቦታ ደርድሩ። በየመካከሉ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያላቸው ደረቅ እንጨቶች አግድም አስገቡ። እርስ በርሳቸው ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። ከላይ እስከ ታች ደግሞ በአንድ መስመር ላይ ይዋሉ። መስመራቸው ከተዛነፈ ሳንቃው እንደዚያው ጎብጦ ይደርቃል። ከላይ ከባድ ነገር ጫኑበት።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? የእርጥበት መለኪያ ካላችሁ ከጫፎቹ ራቅ ብላችሁ በተለያዩ ቦታዎች ለኩ። መርፌ ያለው መለኪያ የሚያነበው መርፌው የደረሰበትን ያህል ነው። ወፍራም ሳንቃ ላይ ላዩ ደርቆ መሐሉ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ይህን አትርሱ። መለኪያ ከሌላችሁ ሚዛንም ይበቃል። በየጥቂት ሳምንቱ መዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ሳንቃው ካለበት አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው።

አሁን ስለ ምንጩ። ጥሩ ሳንቃ የግድ ከጥቅጥቅ ጫካ አይመጣም። ነፋስ የጣላቸው፣ ለግንባታ የተነሡ፣ በመንገድ ዳርና በግቢ ያረጁ ዛፎች ድንቅ ሳንቃ ይሰጣሉ። ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ግንዱን ለማገዶ ነው የሚቆራርጡት። ቀድማችሁ ካነጋገራችኋቸው ግንዱ በሙሉ ርዝመቱ ሊተርፍ ይችላል። እኛም እንዲህ ያለ ግንድ ሲተርፍ ከልባችን ደስ ይለናል። አንድ ችግሩ ሚስማር ነው። ሰው ባለበት የኖረ ዛፍ ሚስማር፣ ሽቦ፣ የአጥር ቁራጭ ውጦ ሊሆን ይችላል። ግንዱ ጫፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ካያችሁ፣ በተለይ ኦክ በተባለው ዛፍና በመሰሎቹ፣ ውስጡ ብረት እንዳለ ጠርጥሩ። ከመሰንጠቁ በፊት በብረት ፈላጊ መሣሪያ ማስፈተሽ መጋዙንም ሰውንም ያድናል።

ከግንዱ የትኛው ክፍል እንደወጣ ጠይቁ። ቅርንጫፍ ከግንድ የሚገነጠልበት ቦታ ያለው ሳንቃ መልኩ ልዩ ነው፤ ሲደርቅ ግን ከሁሉም ይበልጥ ያስቸግራል። ከዘመመ ዛፍና ከቅርንጫፍ የወጣ ሳንቃ በውጥረት ያደገ ስለሆነ ለሰፊ ጠረጴዛ አንመክረውም። የግንዱን እምብርት፣ ማለትም መሐል ለመሐል ያለውን ነጥብ የያዘ ሳንቃ በዚያው መስመር ስንጥቅ ያወጣል። ይህን ቀድማችሁ አውቃችሁ ከገዛችሁት ችግር የለም። ባሕር ዛፍም በተፈጥሮው ውጥረት የሚበዛበት ዛፍ ነው፤ ጫፉ ቶሎ ይተረተራል። ሁለት ሳንቃ ጎን ለጎን አጋጥማችሁ ሰፊ ጠረጴዛ ለመሥራት ካሰባችሁ ደግሞ ከአንድ ግንድ ተከታትለው የተሰነጠቁትን ጠይቁ። እንደተከፈተ መጽሐፍ መልካቸው ይገጣጠማል።

የውጭ አገር እንጨት ስትፈልጉ ስሙንና የመጣበትን ቦታ የሚያሳይ ወረቀት ጠይቁ። ለምሳሌ በሮዝዉድ ስም የሚታወቁት የዳልበርጂያ ዝርያዎች በሙሉ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሳይተስ በተባለው፣ ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትንና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠር ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ናቸው። ብርቅዬውን ዛፍ አጥፍቶ የሚሠራ ጠረጴዛ በእኛ በኩል እንዲያልፍ አንፈልግም።

ቅርፊቱን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፤ ይነሣ እንላለን። ቅርፊትና እንጨት እኩል አይኮማተሩም፣ ስለዚህ ቅርፊቱ ውሎ አድሮ ይላቀቃል። ዕድገቱ በቆመበት ወቅት የተቆረጠ ዛፍ ቅርፊቱን ጠበቅ አድርጎ ሊይዝ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሥሩ ደግሞ የነፍሳት መኖሪያ ነው። በመሮ ቀስ ብላችሁ አንሡት፣ ከዚያ በብሩሽ አጽዱት። ጠርዙን ግን በብዙ አሸዋ ወረቀት አታለሳልሱት፤ የገዛችሁት ውበት እሱ ነው።

ነቀዝም ነገር አለ። ትናንሽ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ካያችሁ ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት ሊሆን ይችላል። በአየር ማድረቅ ብቻውን አይገድለውም። ሙቀት ግን ይገድለዋል። አይኤስፒኤም 15 የተባለው የማሸጊያ እንጨት ዓለም አቀፍ ደንብ የእንጨቱ መሐል 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ደርሶ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ያዛል። እኛም ከዚህ ሳያንስ እናሞቃለን።

በፎቶ ለምትመርጡ አንድ ምክር፦ ሳንቃ በውሃ ሲረጥብ ቀለሙ ይደምቃል። ስለዚህ በደረቁ የተነሣ ፎቶ ጠይቁ። በሁለቱም ገጽ፣ ጫፎቹም የሚታዩበት ይሁን። ወርዱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጠባቡን ልክ ጠይቁ፤ ሒሳቡ በየትኛው ወርድ እንደተሠራም እወቁ። ውፍረቱን ስታስቡ ደግሞ ሲላግና ሲስተካከል የሚሄደውን ቀንሱ። የተጠናቀቀው ጠረጴዛ 4 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከ5 ያላነሰ ግዙ። ክብደቱንም አትናቁ። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 80፣ ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ዋልነት ከተባለው ዛፍ የወጣ ደረቅ ሳንቃ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

ሳንቃው ቤት ከገባ በኋላ ወዲያው አትጀምሩ። ከሥሩ መለያያ አድርጋችሁ፣ ነፋስ ሁለቱንም ገጽ እያገኘው፣ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ጥቂት ሳምንታት ይሰንብት። ስንጥቁን በኤፖክሲ፣ ማለትም ፈሶ በሚጠነክር ሙጫ፣ መሙላት የምትፈልጉ ደግሞ እንጨቱ በእርግጥ መድረቁን አረጋግጡ። እርጥብ እንጨት ላይ ኤፖክሲ በደንብ አይዝም፤ እንጨቱ ሲኮማተርም ክፍተት ይፈጥራል። ቫርኒሽ ወይም ዘይት ስትቀቡ ሥሩንም ቀቡ። አንድ ገጽ ብቻ ከተቀባ ሁለቱ ገጾች እርጥበት የሚስቡትና የሚለቁት በተለያየ ፍጥነት ይሆናል፤ ሳንቃውም ይጎብጣል።

እግሩን ስታስሩ ብሎኑ የሚገባበትን ቀዳዳ ወደ ወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉት። የደረቀ እንጨትም ከወቅት ወቅት መንቀሳቀሱን አይተውም። 90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የዋልነት ሳንቃ እርጥበቱ በ4 በመቶ ነጥብ ሲለወጥ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊሰፋ ወይም ሊጠብ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ካሰራችሁት መንቀሳቀሻ አጥቶ ይተረተራል።

ከእንግዲህ እያንዳንዱ ሳንቃችን ላይ የዛፉን ዓይነት፣ የተሰነጠቀበትን ጊዜና የመጨረሻውን የእርጥበት ልክ ጽፈን እንለጥፋለን። እናንተም ስታዙ የምትሠሩትን ዕቃ፣ የሚቀመጥበት ክፍል ማሞቂያ ወይም ኤሲ ያለው መሆኑን፣ እንዲሁም የበሩንና የደረጃውን ስፋት ጻፉልን። ያን ካወቅን የሚሆናችሁን ሳንቃ አብረን እንመርጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሳንቃ ክፍል ባልደረቦች